በብሪታንያ ጦር የተያዙ የአሜሪካ ከተሞች (1775–1818)

በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት (1775–1783) እና በ1812 ጦርነት (1812–1815) ወቅት የብሪታንያ ጦር በርካታ የአሜሪካ ከተሞችን ይዞ አስተዳድሯል። በመጀመሪያው ጦርነት ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ኒውፖርት፣ ፊላደልፊያ፣ ሳቫና እና ቻርልስተን በእጁ ነበሩ። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ዲትሮይት፣ ዋሽንግተን፣ ካስቲን፣ ኢስትፖርትና ሌሎች ትንንሽ ከተሞች ተይዘዋል። የይዞታው ዕድሜ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ዋሽንግተን ከአንድ ቀን ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ስትያዝ ኒው ዮርክ ግን ሰባት ዓመት ያህል በጠላት እጅ ቆይታለች።

በነፃነት ጦርነቱ ዘመን ከነበሩት አምስት ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች መካከል በብሪታንያ ጦር ያልተያዘ አንድም አልነበረም። ሆኖም ጦርነቱን ያሸነፉት አሜሪካውያን ናቸው። ከተማን መያዝ አገርን መያዝ ያልሆነበት ምክንያት ከሕዝቡ አሰፋፈር፣ ከስንቅና ከማገዶ እጥረት እንዲሁም ወራሪው ጦር ከነዋሪው ጋር ከነበረው ግንኙነት ጋር የተያያዘ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዳራ

በ1775 አሥራ ሦስቱ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራቸው። ከዚህ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው በገጠር ይኖር ነበር። ትልቋ ከተማ ፊላደልፊያ ስትሆን ኒው ዮርክ፣ ቦስተን፣ ቻርልስተን (በወቅቱ አጠራር ቻርልስታውን) እና ኒውፖርት ይከተሏታል። አምስቱም የወደብ ከተሞች ነበሩ።

የብሪታንያ የባሕር ኃይል በዘመኑ ከዓለም ኃያሉ ስለነበር መርከቦቹ ሊደርሱበት የሚችሉትን ከተማ መያዝ አላቃተውም። ችግሩ የሚጀምረው ከወደቡ ሲወጣ ነበር። ወታደሩ ወደ ገጠር በገባ ቁጥር ከስንቁና ከመርከቦቹ ይርቃል፤ ከተማው ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ዙሪያውን ያለውን አገር አርበኞቹ ይቆጣጠሩታል። በተጨማሪም አሜሪካውያን ስትያዝ ጦርነቱ የሚያበቃባት አንዲት ዋና ከተማ አልነበረቻቸውም። ምክር ቤታቸው፣ ማለትም የአኅጉራዊው ኮንግረስ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛወረ ሥራውን ይቀጥል ነበር።

የቅኝ ግዛቶቹ ሕዝብም አንድ ሐሳብ አልነበረውም። ነፃነትን የሚደግፉት አርበኞች፣ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ታማኝ የሆኑት ደግሞ ሎያሊስቶች ይባሉ ነበር። ከሁለቱም ወገን መሆን ያልፈለገም ብዙ ሰው ነበር። ለአርበኛው ወረራ የሆነው የብሪታንያ ጦር መግባት ለሎያሊስቱ የሕጋዊው መንግሥት መመለስ ነበር።

ዋና ዋና ከተሞችና የተያዙበት ጊዜ

በነፃነት ጦርነት፦
- ቦስተን፦ ጦርነቱ ከተጀመረበት ከኤፕሪል 1775 እስከ ማርች 17 ቀን 1776
- ኒው ዮርክ፦ ከሴፕቴምበር 15 ቀን 1776 እስከ ኖቬምበር 25 ቀን 1783
- ኒውፖርት፦ ከዲሴምበር 1776 እስከ ኦክቶበር 1779
- ፊላደልፊያ፦ ከሴፕቴምበር 26 ቀን 1777 እስከ ጁን 18 ቀን 1778
- ሳቫና፦ ከዲሴምበር 29 ቀን 1778 እስከ ጁላይ 1782
- ቻርልስተን፦ ከሜይ 12 ቀን 1780 እስከ ዲሴምበር 14 ቀን 1782

በ1812 ጦርነት፦
- ዲትሮይት፦ ከኦገስት 16 ቀን 1812 እስከ ሴፕቴምበር 1813
- ኢስትፖርት፦ ከጁላይ 11 ቀን 1814 እስከ ጁን 30 ቀን 1818
- ዋሽንግተን፦ ከኦገስት 24 እስከ 25 ቀን 1814
- ካስቲን፦ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1814 እስከ ኤፕሪል 1815

ቦስተን

የብሪታንያ ወታደሮች ቦስተን የገቡት ጦርነቱ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት በ1768 ነበር። በማርች 5 ቀን 1770 በሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰዎች ገደሉ። በዲሴምበር 1773 ነዋሪዎች ቀረጥን በመቃወም ሻይ ባሕር ከጣሉ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ ወደቡን ዘጋ፤ ጄኔራል ቶማስ ጌጅም የማሳቹሴትስ ገዢ ሆኖ ተሾመ።

በኤፕሪል 19 ቀን 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ ውጊያ ሲጀመር በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ሚሊሻዎች ቦስተንን ከበቡ። ከተማዋ በጠባብ የመሬት አንገት ብቻ ከየብስ ጋር የተገናኘች ስለነበረች ከበባው ቀላል ሆነ። ጌጅ መሣሪያውን ያስረከበ ነዋሪ ከተማውን ለቆ እንዲወጣ ተስማምቶ ነበር። ብዙዎች ወጡ፤ ቆይቶ ግን ፈቃዱ እየጠበበ መጣና ቤተሰቦች ለሁለት ተከፈሉ። በምትካቸው ከገጠር የሸሹ ሎያሊስቶች ወደ ከተማዋ ገቡ።

በጁን 17 ቀን 1775 በተደረገው የበንከር ሂል ጦርነት የብሪታንያ ጦር ኮረብታውን ያዘ፤ ነገር ግን ከ1,000 በላይ ሰው ሞተበት ወይም ቆሰለበት፤ አጠገቡ ያለችው የቻርልስታውን መንደርም ተቃጠለች። ክረምት ሲገባ ትኩስ ሥጋና ማገዶ ጠፋ። ወታደሮቹ አጥርና አሮጌ ቤት እያፈረሱ አነደዱ። ኦልድ ኖርዝ ሚቲንግ ሀውስ የተባለው የጸሎት ቤት ለማገዶ ፈረሰ። ኦልድ ሳውዝ ሚቲንግ ሀውስ ደግሞ ውስጡ ያሉት መቀመጫዎች ወጥተው የፈረስ ማሠልጠኛ ሆነ። በዚሁ ጊዜ ፈንጣጣ በከተማዋ ተዛመተ።

በዚያው ክረምት ሄንሪ ኖክስ የተባለ የቀድሞ መጽሐፍ ሻጭ ከታይኮንደሮጋ ምሽግ የተማረኩ መድፎችን በበረዶ ላይ እያስጎተተ አመጣ። በማርች 1776 መጀመሪያ ጆርጅ ዋሽንግተን መድፎቹን ወደቡን ቁልቁል በሚያየው የዶርቼስተር ከፍታ ላይ በሌሊት አስጠመዳቸው። የጌጅ ተተኪ ጄኔራል ዊልያም ሃው ከተማዋን ለመልቀቅ ተገደደ። ሲወጣ ካልተተኮሰበት ከተማዋን እንደማያቃጥል በጽሑፍ ያልሰፈረ መግባባት ተደርሶ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች አከበሩት። ከጦሩ ጋር ከ1,000 በላይ ሎያሊስቶች ወደ ሃሊፋክስ ተሳፈሩ።

ኒው ዮርክ

ሃው በኦገስት 1776 በሎንግ አይላንድ ጦርነት ዋሽንግተንን ካሸነፈ በኋላ በሴፕቴምበር 15 ቀን ኒው ዮርክን ያዘ። በስድስተኛው ቀን በተነሳ ከባድ ቃጠሎ 500 ያህል ቤቶች ወደሙ፤ ትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለ። እንግሊዞቹ እሳቱን አርበኞች ለኮሱት ብለው ከሰሱ፤ እውነቱ ግን እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። በተቃጠለው ሰፈር ቤት አልባዎች በቆሙት ግድግዳዎች ላይ የመርከብ ሸራ እየወጠሩ መኖር ጀመሩ። ሰፈሩም «የሸራ ከተማ» ተባለ።

ኒው ዮርክ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ የብሪታንያ ጦር ጠቅላይ መምሪያ ነበረች። ከሌሎች ቅኝ ግዛቶች የተሰደዱ ሎያሊስቶችና ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ስለጎረፉባት የሕዝቧ ቁጥር አደገ፤ የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋም ናረ። ሎያሊስቶች ሲቪል አስተዳደር እንዲመለስላቸው ደጋግመው ቢለምኑም ከተማዋ ሰባቱንም ዓመታት በወታደራዊ ሕግ ተዳደረች። ለንጉሡ ታማኝ የሆነው ሰው ራሱ ያለ ፍርድ ቤት በጦር መኮንኖች ውሳኔ መተዳደሩ ብዙ ደጋፊን አስከፋ። ከ1779 እስከ 1780 ባለው ክረምት ወደቡ በበረዶ ግግር ስለተዘጋ ስንቅና ማገዶ የሚያመጡ መርከቦች መግባት አልቻሉም፤ የማንሃተን ዛፎችም ተቆርጠው ነደዱ።

የከተማዋ ይዞታ እጅግ አስከፊው ገጽታ የምርኮኞች አያያዝ ነው። አርበኛ ምርኮኞች በስኳር መጋዘኖች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በብሩክሊን ዳርቻ በዋላባውት ባሕረ ሰላጤ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ውስጥ ይታሰሩ ነበር። ከእነዚህ መርከቦች በክፋቷ የታወቀችው ጀርሲ ነበረች። በረሃብ፣ በተስቦና በፈንጣጣ በመርከቦቹ ላይ የሞቱት ከ8,000 እስከ 11,500 እንደሚደርሱ ይገመታል። ይህ ግምት ጦርነቱ በቆየበት ዘመን ሁሉ በውጊያ ላይ ከተገደሉት አሜሪካውያን ቁጥር ይበልጣል። አስከሬኖቹ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ውስጥ በችኮላ ይቀበሩ ነበር። ለብዙ ዓመታት አጥንት ከአሸዋው ይወጣ ስለነበር ተሰብስቦ በመጨረሻ ዛሬ በፎርት ግሪን መናፈሻ በሚገኘው ሐውልት ሥር አርፏል።

ኒውፖርት

በሮድ አይላንድ የምትገኘው ኒውፖርት በዲሴምበር 1776 ያለ ውጊያ ተያዘች። በሺህ የሚቆጠሩ የብሪታንያና ከጀርመኑ የሄሰን ግዛት የተከራዩ ወታደሮች በነዋሪው ቤት ሰፈሩ። ነጋዴዎቿ ከተማዋን ለቀው ሄዱ፤ 9,000 ገደማ የነበረው ሕዝቧም ወደ ግማሽ ተጠጋ። ደሴቷ ላይ የነበረው ደን ካለቀ በኋላ ወታደሮቹ የመርከብ ማቆሚያዎችንና ባዶ ቤቶችን እያፈረሱ አነደዱ።

በጁላይ 1777 ዊልያም ባርተን የተባለ የአርበኞች መኮንን ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት በጀልባ ተሻግሮ የጦሩን አዛዥ ጄኔራል ሪቻርድ ፕሬስኮትን ከመኝታው ማረከው። በኦገስት 1778 አሜሪካውያንና ፈረንሳውያን ከተማዋን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ግን ማዕበል የፈረንሳይን መርከቦች በመበታተኑ አልተሳካም። በዚያ ዘመቻ ብዙ ጥቁር ወታደሮች የነበሩበት 1ኛው የሮድ አይላንድ ክፍለ ጦር ተዋግቷል።

የብሪታንያ ጦር በኦክቶበር 1779 ሲወጣ የከተማዋ የመሬትና የአስተዳደር መዛግብት አብረው ተወሰዱ። የጫነቻቸው መርከብ በኒው ዮርክ አቅራቢያ ስለሰጠመች መዛግብቱ በውኃ ተበላሹ። ኒውፖርት ከጦርነቱ በፊት የነበራትን የንግድ ቦታ ዳግመኛ አላገኘችም፤ የአካባቢው ንግድ ወደ ፕሮቪደንስ ዞረ። ከጦርነቱ በኋላ አዲስ ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ስላልነበረ ከጥፋቱ የተረፉት የቅኝ ግዛት ዘመን ቤቶች ሳይፈርሱ ቆይተው ዛሬ የከተማዋ ቅርስ ሆነዋል።

ፊላደልፊያ

በ1777 ሃው ጦሩን በመርከብ ጭኖ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ፊላደልፊያ አመራ። በሴፕቴምበር 11 ቀን በብራንዲዋይን ዋሽንግተንን አሸንፎ በሴፕቴምበር 26 ቀን ከተማዋ ገባ። ኮንግረስ ቀድሞ ወደ ላንካስተር፣ ቀጥሎም ወደ ዮርክ ሸሽቶ ነበር። ዛሬ «የነፃነት ደወል» የሚባለውም ደወል ቀልጦ ጥይት እንዳይሆን ወደ አለንታውን ተወሰደ።

ሆኖም ሃው ፊላደልፊያን በያዘ በአንድ ወር ውስጥ፣ በኦክቶበር 17 ቀን፣ ከካናዳ የተነሳው የጄኔራል ጆን በርጎይን ጦር በሳራቶጋ እጁን ሰጠ። ይህ ድል ፈረንሳይን በፌብሩዋሪ 1778 ከአሜሪካውያን ጋር ቃል ኪዳን እንድትገባ አደረጋት። የጠላትን ዋና ከተማ መያዝ ለብሪታንያ ያስገኘው ጥቅም ከዚህ ኪሳራ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

በከተማዋ ውስጥ የነበረው ሕይወት ሁለት መልክ ነበረው። መኮንኖቹ ቲያትርና ጭፈራ ያዘጋጁ ነበር፤ በሜይ 1778 ለሃው መሸኛ የተደረገው «ሚስኪያንዛ» የተባለ ታላቅ ድግስ በብዙ ወጪው ይታወሳል። ከከተማዋ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚርቀው ቫሊ ፎርጅ ደግሞ የዋሽንግተን ጦር ክረምቱን እያሳለፈ ነበር። በዚያ ሰፈር ወደ 2,000 የሚጠጉ ወታደሮች በበሽታ ሞቱ። ብዙ የአካባቢው ገበሬዎች ምርታቸውን ዋጋው በወደቀው የአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ ከመሸጥ ይልቅ ወርቅና ብር ለሚከፍሉት እንግሊዞች መሸጥን ይመርጡ ነበር።

ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ሰዎች ከሁለቱም ወገን መከራ ደርሶባቸዋል። ኤልዛቤት ድሪንከር የተባለች የኩዌከር እምነት ተከታይ የጻፈችው የቀን ማስታወሻ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ባሏ ሄንሪ ሃይማኖቱ ስለሚከለክለው አዲሱን የታማኝነት መሐላ ስላልፈጸመ አርበኞቹ ከሌሎች ኩዌከሮች ጋር ወደ ቨርጂኒያ አጋዙት። እሷ ልጆቿን ይዛ በቀረችበት ቤት ደግሞ የብሪታንያ መኮንን በግድ ገብቶ ተቀመጠ። በኤፕሪል 1778 ከሌሎች ሴቶች ጋር የጦር መስመሩን አልፋ ዋሽንግተንን ቫሊ ፎርጅ ድረስ ሄዳ አነጋገረች፤ በዚያው ወር እስረኞቹ ተለቀቁ።

የሃው ተተኪ ጄኔራል ሄንሪ ክሊንተን ፈረንሳይ ወደ ጦርነቱ በመግባቷ በጁን 1778 ከተማዋን ለቆ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። 3,000 ያህል ሎያሊስቶች በመርከብ ተከተሉት። ከቀሩት መካከል በይዞታው ጊዜ ከእንግሊዞች ጋር ተባብረዋል የተባሉ ሁለት ኩዌከሮች፣ አብርሃም ካርላይልና ጆን ሮበርትስ፣ በኖቬምበር 1778 በስቅላት ተቀጡ።

ሳቫና እና ቻርልስተን

ከ1778 ጀምሮ ብሪታንያ ብዙ ሎያሊስት ይገኝበታል ብላ ወደ ገመተችው ወደ ደቡብ ፊቷን አዞረች። በዲሴምበር 29 ቀን 1778 ጦሯ ሳቫናን ሲይዝ በባርነት ይኖር የነበረ ኳሚኖ ዶሊ የተባለ ሰው በረግረግ ውስጥ የምታልፍ ስውር መንገድ አሳይቶ መርቷል። በ1779 መኸር ፈረንሳውያንና አሜሪካውያን ከተማዋን ከበው በኦክቶበር 9 ቀን ያደረጉት ጥቃት ከሸፈ። ከፈረንሳዩ ጦር ጋር ከሳን ዶሚንግ (የዛሬዋ ሃይቲ) የመጡ ነፃ ጥቁሮች ተሰልፈው ነበር።

ቻርልስተን ከሳምንታት ከበባ በኋላ በሜይ 12 ቀን 1780 እጇን ሰጠች። 5,000 ያህል የአሜሪካ ወታደሮችና ሚሊሻዎች ተማረኩ፤ ይህም በጦርነቱ ለአሜሪካውያን ትልቁ ሽንፈት ነበር። የሚሊሻው አባላት ዳግመኛ መሣሪያ ላያነሱ ቃል ገብተው ወደ ቤታቸው ተለቀቁ። ብዙዎቹም ጦርነቱ ለእነርሱ አብቅቷል ብለው እርሻቸው ላይ ተቀመጡ።

ሆኖም በጁን 1780 ክሊንተን ባወጣው አዋጅ ብዙዎቹን ከዚህ ቃል ፈትቶ የንጉሡን መንግሥት እንዲደግፉ አስገደዳቸው፤ ያልደገፈ እንደ አማፂ ይቆጠራል ተባለ። አዋጁ በገለልተኛነት ለመኖር የፈለገውን ሰው መካከለኛ ቦታ አሳጣው። ብዙዎች ለማንኛውም መዋጋት ካልቀረ በማለት ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገቡ። በኦገስት 1781 አይዛክ ሄይን የተባለ የሚሊሻ ኮሎኔል ታማኝነቱን አፍርሶ ተዋግቷል ተብሎ ያለ መደበኛ ችሎት በቻርልስተን ተሰቀለ። ስቅላቱ ሕዝቡን ከማስፈራት ይልቅ አስቆጣው። በኦክቶበር 1781 የኮርንዋሊስ ጦር በዮርክታውን እጁን ከሰጠ በኋላ ሁለቱ የደቡብ ከተሞች በ1782 ተለቀቁ።

በባርነት የተያዙ ሰዎች

በተያዙት ከተሞች ለብዙ ጥቁሮች የጠላት ባንዲራ የነፃነት ምልክት ነበር። በጁን 1779 ክሊንተን ባወጣው የፊሊፕስበርግ አዋጅ ከአርበኛ ጌቶች አምልጦ ወደ ብሪታንያ ጦር ለሚመጣ ባሪያ ጥበቃ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኒው ዮርክ፣ ሳቫናና ቻርልስተን ሸሹ። በምሽግ ሥራ፣ በሠረገላ ነጂነት፣ በልብስ አጣቢነት፣ በምግብ አብሳይነትና በመንገድ መሪነት አገለገሉ። ብዙዎች በፈንጣጣ ሞቱ። አዋጁ ግን የሎያሊስት ጌቶችን ባሪያዎች አይመለከትም ነበር።

የ1783 የሰላም ውል የብሪታንያ ጦር ሲወጣ የአሜሪካውያንን ባሪያዎች ይዞ እንዳይሄድ ይከለክላል። ይህ ወሬ ኒው ዮርክ ሲደርስ ያመለጡት ሰዎች በድንጋጤ ተዋጡ። ከደቡብ ካሮላይና ያመለጠው ቦስተን ኪንግ የደቡብ ጌቶች ባሪያዎቻቸውን ፍለጋ ወደ ከተማዋ ሲመጡ ለቀናት እንቅልፍና ምግብ እንዳጣ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። የጦሩ አዛዥ ጋይ ካርልተን ግን በብሪታንያ ቃል ነፃ የወጡትን አሳልፎ አልሰጥም አለ፤ የዋሽንግተንንም ጥያቄ አልተቀበለም። ወደፊት ካሳ ቢጠየቅ ማስረጃ እንዲሆን የ3,000 ሰዎች ስም፣ ዕድሜና የቀድሞ ጌታ በመዝገብ ሰፈረ። በመዝገቡ ላይ ከዋሽንግተን የገዛ ርስት ከማውንት ቨርነን ያመለጠው ሃሪ ዋሽንግተን ይገኝበታል። እነዚህ ሰዎች ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተወሰዱ። በ1792 ከመካከላቸው ወደ 1,200 የሚጠጉት አትላንቲክን ተሻግረው በሴራሊዮን ፍሪታውንን መሠረቱ።

ከደቡብ ከተሞች የወጡት ዕጣ ከዚህ የተለየ ነበር። ከቻርልስተን ጦሩን ተከትለው የወጡት ሲቪሎች ከ9,000 ሲበልጡ ከግማሽ በላዩ ጥቁሮች ነበሩ። አብዛኞቹ ግን በሎያሊስት ጌቶቻቸው ባርነት እንደተያዙ ወደ ጃማይካ፣ ወደ ምሥራቅ ፍሎሪዳና ወደ ሌሎች ግዛቶች ተወስደዋል።

በ1812 ጦርነት የተያዙ ከተሞች

አሜሪካ በጁን 1812 በብሪታንያ ላይ ጦርነት ስታውጅ የሰሜን ድንበሯ ደካማ ነበር። በኦገስት 16 ቀን 1812 ጄኔራል ዊልያም ሃል ዲትሮይትን ለብሪታንያው ጄኔራል አይዛክ ብሮክና ለሾኒ ሕዝብ መሪ ለቴኩምሴ ያለ ከባድ ውጊያ አስረከበ። ሃል በጦር ፍርድ ቤት ሞት ቢፈረድበትም ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን ምሕረት አድርገውለታል። በሴፕቴምበር 1813 አሜሪካውያን የኢሪ ሐይቅን ሲቆጣጠሩ የስንቅ መንገዱ ስለተቋረጠ እንግሊዞች ዲትሮይትን ለቀቁ።

በኦገስት 24 ቀን 1814 የጄኔራል ሮበርት ሮስ ጦር በብላደንስበርግ አሜሪካውያንን አሸንፎ ዋሽንግተን ገባ። ካፒቶል፣ ዋይት ሀውስና የግምጃ ቤቱ ሕንፃ ተቃጠሉ፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ወደመ። የግል ቤቶች በአብዛኛው አልተነኩም። በማግስቱ ከባድ ማዕበል ወረደ፤ ጦሩም በዚያው ሌሊት ወጣ። ከቀናት በኋላ የፖቶማክ ወንዝን ይዘው የመጡ የጦር መርከቦች አሌክሳንድሪያን አስገበሩ። የከተማዋ ሹማምንት ቤቶቹ እንዳይቃጠሉ ሲሉ በወደቡ ያሉትን መርከቦች፣ ዱቄትና ትምባሆ አስረክበዋል።

በሰሜን ምሥራቅ፣ በዚያን ጊዜ የማሳቹሴትስ ክፍል በነበረችው ሜይን፣ ኢስትፖርትና ካስቲን ተያዙ። የኢስትፖርት ነዋሪዎች ለንጉሡ ታማኝነት እንዲምሉ፣ አለዚያ ደሴቱን እንዲለቁ ታዘዙ። ካስቲን ከሃሊፋክስ ጋር ንግዷን ቀጠለች፤ እዚያ የተሰበሰበው የጉምሩክ ቀረጥ በኋላ በሃሊፋክስ ዳልሃውሲ ዩኒቨርሲቲን ለማቋቋም ዋለ። ጦርነቱ በዲሴምበር 1814 በተፈረመው የጌንት ውል ቢያበቃም ብሪታንያ ኢስትፖርት ያለችበት ሙስ ደሴት የኒው ብሩንስዊክ ነው በማለት አልለቀቀችም። የሁለቱ አገሮች ኮሚሽን ደሴቱን ለአሜሪካ ከወሰነ በኋላ በጁን 30 ቀን 1818 ተመለሰች። ማሳቹሴትስ ግዛቱን ለማስለቀቅ አለመዝመቱ የሜይንን ሕዝብ ስላስቆጣ ሜይን በ1820 ራሷን የቻለች ክፍለ አገር እንድትሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ውጤትና መታሰቢያ

የተያዙት ከተሞች ታሪክ የሚያሳየው የብሪታንያ ጦር ወደቦችን የመያዝ አቅም እንደነበረው፣ ይዞ ለማቆየት ግን ከባሕር ማዶ በሚመጣ ስንቅ ላይ ጥገኛ እንደነበረ ነው። አንዱን ከተማ ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ ግድ ይሆን ነበር፤ በለቀቀ ቁጥር ደግሞ ያመኑበት ሎያሊስቶች ቤታቸውን ጥለው ይሰደዳሉ ወይም ለበቀል ይጋለጣሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ 60,000 ያህል ሎያሊስቶች ወደ ካናዳ፣ ወደ ብሪታንያና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተሰደዋል።

ወታደር በሰው ቤት ማስፈር ያስከተለው ምሬት በሕግ ላይም አሻራውን ትቷል። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሦስተኛ ማሻሻያ በሰላም ጊዜ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወታደር በማንም ቤት እንዳይሰፍር ይከለክላል።

ኒው ዮርክ የብሪታንያ ጦር የወጣበትን ኖቬምበር 25ን ከመቶ ዓመት በላይ በሰልፍ ስታከብር ቆይታለች። በዓሉ የምስጋና ቀን ከሚባለው ብሔራዊ በዓል ጋር ስለሚቀራረብና ከብሪታንያ ጋር የነበረው ጠላትነት ስለተረሳ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቀርቷል። ቦስተን ግን የራሷን የነፃነት ቀን፣ ማርች 17ን፣ እስከ ዛሬ ታከብራለች።